የኮልተን ድምፅ

በበረዶ ሆኪ ተከላካይ ሆነህ ፓኳን፣ ያቺን ጥቁር የጎማ ክብ፣ ለማምጣት ወደ ራስህ ግብ ጥግ ስትሮጥ ጀርባህን ለሰው ሁሉ ሰጥተሃል። ፊትህ ያለው ግድግዳ ነው። ከኋላህ መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው በሙሉ ፍጥነት እየመጣብህ ይሁን አይሁን አታውቅም፤ የሚያውቀው አጋርህ ነው። አጋርህ "መጣብህ!" ካለህ ፓኳን ቶሎ ገፍተህ ትለቅና ትከሻህን ታዘጋጃለህ። "ጊዜ አለህ!" ካለህ ደግሞ ቀስ ብለህ ታነሳትና ሜዳውን ታያለህ። እውነቱን ነው ወይ ብለህ ዞር አትልም። ለማረጋገጥ የሚሆን ጊዜ ቢኖርማ አጋርም ባላስፈለገ። እኔ ይህን ሥራ አሥራ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከዚህ ሌላ ምንም እንደማላውቅ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

ኮልተን ዳኒሉክ በጥቅምት መጣ። ሃያ ዓመቱ ነው፤ ሳስካችዋን ውስጥ ካለ የስንዴ እርሻ የመጣ። ትልቁ ክለብ ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ መርጦት፣ እስኪበስል ድረስ ወደ እኛ ወደ ኦስዌጎ ላከው። እኛ ታች፣ በአነስተኛው ሊግ፣ ነን፤ ትልቁን ሊግ "ላይ" ነው የምንለው። ልጁ ወደ ኋላ ሲንሸራተት አብዛኛው ሰው ወደ ፊት ከሚሮጠው ይፈጥናል። ዱላው ፓኳን ፈልጎ የሚያጣበት ጊዜ የለም። በመጀመሪያው ቀን መልበሻ ክፍል ገብቶ እጁን ዘረጋልኝና "ሚስተር ኩቱር፣ ደስ ብሎኛል" አለኝ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በረኛችን ፊሊፕ ከማዶ ጮኸ፦ "ሚስተር ኩቱር! ጥርስዎን ብርጭቆ ውስጥ ረስተዋል፣ ልጁ ያቀብልዎ?"

ጥርሴ እውነትም ብርጭቆ ውስጥ ነበር። ሦስቱን የፊት ጥርሶቼን ካጣሁ ስምንት ዓመት ሆኖኛል።

የዚያ ልጅ ጉድለት አንድ ብቻ ነበር፤ አይናገርም። በመጀመሪያው ጨዋታ ፓኳን ላመጣ ጥግ ገባሁ፤ ከኋላዬ ምንም አልተሰማም። ቀና ስል ግድግዳው ፊቴ ላይ ነበር። ተንገዳግጄ ወደ ወንበራችን ተመለስኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"አላየኸውም?"

"አየሁት።"

"ታዲያ?"

"የምታውቅ መሰለኝ።"

"እንዴት አባቴ ልወቅ? ዓይኔ ማጅራቴ ላይ ነው?"

"ይቅርታ።"

"ይቅርታ አትበለኝ! መጣብህ በለኝ!"

"እሺ። ይቅርታ።"

በኋላ ቀስ በቀስ ምክንያቱን አወጣሁት። በመኸር እሱና አባቱ በሁለት ማጨጃ መኪና እየነዱ ቀኑን ሙሉ አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ ይውላሉ፤ የሚግባቡት በመኪናው መብራት ነው። እናቱ ደግሞ ታላቅን ሰው ይህን አድርግ ያን አድርግ ማለት ነውር ነው ብላ አሳድጋዋለች። እኔ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው። በእሱ ዓይን ሽማግሌ ነኝ፤ በሽማግሌ ላይ እንዴት ይጮሃል?

አሁን የራሴን ጉዳይ ልናገር፤ ሳልናገረው ብቀር የቀረው አይገባም። በዕድሜዬ ሙሉ በትልቁ ሊግ የተጫወትኩት አሥራ አንድ ጨዋታ ነው። በመስከረም አሰልጣኛችን ሃስኬል ቢሮው አስገባኝና በሩን ሳይዘጋ ተናገረኝ።

"ሬጅ፣ አልደባብቅህም። ጉልበትህ አልቋል። ይሄ የሚመጣውን ልጅ አብስልልኝ። ልጁ እዚህ እስካለ አንተም አለህ።"

"ከሄደስ?"

"ያኔ እናያለን።"

በእኛ ሙያ "እናያለን" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል። ቫል ዶር የሚኖረው የእህቴ ባል የቤት ወለል ያነጥፋል፤ አብሬው ተንበርክኬ እንድሠራ የጉልበት መከላከያ ገዝቶልኝ ስድስት ዓመት ሙሉ እየጠበቀኝ ነው። በየገና በዓሉ "መቼ ነው የምትመጣው?" ይለኛል። ጥሩ ሰው ነው፤ ፊቱን ማየት ግን አልወድም።

ስለዚህ ሥራዬ ልጁ እንዲናገር ማድረግ ነበር፤ ከተናገረ ደግሞ ሥራዬን አጣለሁ። ይህን ገና ከጥቅምት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ያ ልጅ ዝም ባለ ቁጥር የምመታው እኔ ስለሆንኩ ማስተማሩን ጀመርኩ።

ያስተማርኩት ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው። ከልምምድ በኋላ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ጋሪ አወጣሁና ዓይኔን ጨፈንኩ።

"እኔ እገፋለሁ፤ አንተ ከኋላዬ ሆነህ ትነግረኛለህ" አልኩት።

"ሰው ያየናል እኮ።"

"ሦስት ሺህ ሰው ፊት በቂጥህ ስትወድቅ ያላፈርክ፣ አሁን ልታፍር ነው?"

ሄድን። በሁለተኛው መተላለፊያ ከኋላዬ በጣም በትሕትና "ይቅርታ፣ ሬጅ፣ ምናልባት ትንሽ ወደ ግራ ብትል..." ሲል ሰማሁት። ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተደርድሮ የቆመ የሾርባ ቆርቆሮ ሙሉ በሙሉ ደረመስኩ። ዓይኔን ስገልጥ ወይዘሮ ፔቲቦን እግራቸው ስር ከተንከባለለው አንዱን እያነሱ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም የሜዳችንን ጨዋታ ያላመለጣቸው ሴት ናቸው፤ ሁላችንንም በስም ያውቁናል።

"ኮልተን፣ አንተ ነህ እንዲህ ያደረግከው?"

"ይቅርታ፣ ወይዘሮ ፔቲቦን።"

"እኔን ምን ይቅርታ ትለኛለህ? እሱ ላይ ጩህበት እንጂ! ባሌም ነፍሱን ይማረውና ካልጮኹበት አይሰማም ነበር።"

ቆርቆሮውን ደርድረን ጨረስንና እንደገና ዓይኔን ጨፈንኩ። በየሳምንቱ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ሄድን። የሱቁ ሠራተኞች በመጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ ተሳለቁብን፣ በመጨረሻ ረሱን። በኅዳር መጨረሻ ከወተቱ እስከ ዳቦው ዓይኔን ጨፍኜ፣ በፍጥነት፣ ማንንም ሳልነካ ደረስኩ። "ቁም!" ይላል፣ እቆማለሁ። "ጊዜ አለህ!" ይላል፣ እገፋለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ለሰው ራሱን እንዲህ አሳልፎ መስጠት የሚደርሰው ብዙ ሰው አይደለም።

በታኅሣሥ ዩቲካ ላይ ስንጫወት ጥግ ገባሁ። "መጣብህ!" የሚል ድምፅ፣ የተሰነጠቀ የጎረምሳ ድምፅ፣ ከኋላዬ ወጣ። ፓኳን ለቅቄ ጎንበስ አልኩ። ሊመታኝ የመጣው ሰው በላዬ አልፎ ሜዳውን ከከበበው መስታወት ጋር ተላተመ።

"ሰማኸኝ?" አለኝ ወንበር ላይ ስንቀመጥ፤ ፊቱ ቀልቷል።

"ዩቲካ ከተማ በሙሉ ሰምቶሃል።"

ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ በረዶ ላይ አፉ ተዘግቶ አያውቅም። ታዲያ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሰው በሚጮህበት አዳራሽ፣ አሰልጣኙ ከቆመበት ርቀት፣ ጥግ ላይ ተከላካይ ለተከላካይ የሚለው አይሰማም። የሚያየው ሁሉ ቪዲዮውን ያያል፤ የሚሰማው አጋሩ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀውም አጋሩ ነው።

የሚጠይቀው ዳልበርግ ነበር። ዳልበርግ በድሮ ዘመን ተከላካይ የነበረ፣ አሁን ደግሞ ትልቁ ክለብ ታች ያስቀመጣቸውን ወጣቶች የሚከታተል ሰው ነው። በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ጠዋት ይደውልልኛል። በጥርም ደወለ።

"ሬጅ፣ ሁለት ተከላካይ ተጎድቶብናል። ነገ አንድ ሰው መውሰድ አለብኝ። ልጁ መናገር ጀመረ?"

ጓዳው መስኮት አጠገብ ቆሜ ነበር። ኮልተን የሚኖረው እኔ ካለሁበት ሕንጻ ምድር ቤት ነው። ታች መኪና ማቆሚያው ላይ በረዶ ሲጠርግ ይታየኛል። የራሱን መኪና ጨርሶ የኔን ጀምሮ ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም።

"ገና ነው" አልኩ። "ጨዋታው ሲከብድ ዝም ይላል።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"የምመታው እኔ አይደለሁ እንዴ?"

"እሺ። ያንተን ቃል ይዤ ነው የምወስነው" አለና ዘጋ።

በማግስቱ ከእኛ ዘንድ የወሰዱት ፌሪስን ነው። ፌሪስ ከኮልተን በሁለት ዓመት የሚበልጥ፣ በችሎታ ግን አጠገቡ የማይደርስ ተከላካይ ነው፤ ያን ቀን እሱ ራሱ ተገርሞ ነበር። ኮልተን እንኳን ደስ አለህ ብሎ ሻንጣውን እስከ መኪናው ተሸክሞለት ሄደ። እኔ ራሴን ለማሳመን ብዙ አልቸገረኝም። ገና ሃያ ዓመቱ ነው፤ ተቸኩሎ የወጣ ልጅ ይሰበራል፤ ሁለት ወር ቢቆይ አይጎዳውም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የዋሸሁት ግን ለዚህ ብዬ አይደለም።

በየካቲት ዳልበርግ ራሱ መጣ። በዓመት አንዴ እየመጣ ወጣቶቹን አንድ በአንድ ቢሮ ያስገባና ስለ እነሱ የተጻፈውን ያነብላቸዋል። ይህን ሳውቅ ነው የኖርኩት፤ ነገር ግን የኔን ቃል ያነብለታል ብዬ አላሰብኩም። 

ኮልተን ከቢሮው ወጥቶ ቦታው ላይ፣ አጠገቤ፣ ተቀመጠ። የዱላውን ፕላስተር ፈትቶ እንደገና መጠቅለል ጀመረ። ጥሩ የተጠቀለለ ፕላስተር ነበር።

"ምን አሉህ?" አልኩት።

"ብዙውን ጥሩ ነው አሉኝ።"

"ሌላስ?"

"መናገር አለብህ አሉኝ።" ፕላስተሩን በጥርሱ ቆረጠ። "ሲከብድ ዝም ትላለህ ተብሎ ተጽፏል።"

ቃሉ የራሴ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፤ ያየኝም ረዘም ላለ ጊዜ ነው። ከዚያ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሰውነቱን ሊታሽ ሄደ። ያን ቃል የሰጠሁት እኔ መሆኔን እንዳወቀ አወቅሁ። 

ቅዳሜ ከሰዓት በሜዳችን ጨዋታ ነበረን። ሁለት ለሁለት ነን፤ አምስት ደቂቃ ቀርቷል። ፓኳን ከመሃል ሜዳ ወደ እኛ ጥግ ወረወሯት፤ እኔ ሄድኩላት። ስሮጥ ከመስታወቱ ጀርባ ዳልበርግ ጥጉ ጋ ተቀምጦ አየሁት። ያኔ የኮልተን ድምፅ መጣ።

"ጊዜ አለህ!"

ጥርት ያለ፣ ጥድፊያ የሌለበት ድምፅ ነበር። አምስት ወር ሙሉ እንዲህ እንዲለኝ ነው ያስተማርኩት። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነገር ነው። ይህ ልጅ ምን እንዳደረግኩበት ያውቃል አልኩ በልቤ። ከኋላዬ ሰው አለ፤ ሊያስመታኝ ነው አልኩ። የሚገባኝም ያ ነበርና።

ዞርኩ።

ከኋላዬ ባዶ በረዶ ነበር። የቅርቡ ተጋጣሚ ገና መሃል ሜዳውን እያለፈ ነው። ዓይኔ ከፓኳ በተነሳባት ቅጽበት ጫማዬን ነክታ ወደ ግባችን አፍ ተንከባለለች፤ ያ ከሩቅ የሚመጣው አጥቂም መቸኮል እንኳ አላስፈለገውም። ሦስት ለሁለት ተሸነፍን። ፊሊፕ ከግቡ ወጥቶ በፈረንሳይኛ ሰደበኝ፤ እዚህ የሚደገም አይደለም።

ኮልተን አጠገቤ ተቀምጦ ውኃ ጠጣ።

"ጊዜ ነበረህ" አለኝ።

ቁጣ የለበትም፣ ወቀሳም የለበትም። ሰዓት ስንት ነው ተብሎ የተጠየቀ ሰው በሚመልስበት ድምፅ ነው ያለኝ።

ዳልበርግ የበረዶ ጫማችንን ስለት በምንስልበት ማሽን አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝ።

"ጥጉ ጋ ነበርኩ" አለ።

"አይቼሃለሁ።"

"ልጁ ጮኸ።"

"ጮኸ።"

"ዛሬ ነው የጀመረው?"

አዎ ብል ያልፍ ነበር። ልጁም ይሄዳል፣ እኔም ንጹሕ እሆናለሁ፤ በመጨረሻ አናገርኩት ተብሎ ምናልባት አንድ ዓመት ይጨመርልኝ ነበር። መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን "ጊዜ ነበረህ" ያለበት ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣልኝም።

"ከታኅሣሥ ጀምሮ" አልኩ።

ዳልበርግ ማስታወሻ ደብተሩን ከኪሱ አወጣ፤ ምንም አልጻፈም።

"በጥር ስጠይቅህ?"

"ዋሸሁህ። እሱ ከሄደ እኔ እሄዳለሁ።"

ደብተሩን መልሶ ኪሱ ከተተ። "እኔም በሠላሳ አራት ዓመቴ አንድ ልጅ ሰጥተውኝ ነበር" አለ። እሱ ምን እንዳደረገ ግን አልነገረኝም። ትከሻዬንም አልነካም፤ ኮቱን ለብሶ ወጣ።

ዕቃችንን የሚይዝልን ዊኒ የሚባል ሰው ነው። አንድ ተጫዋች ወደ ላይ ሲጠራ ዊኒ ምንም አያወራም። የተጠራውን ሰው ጫማ ከመንጠልጠያው አውርዶ የጉዞ ሻንጣ ውስጥ ይከታል፤ ቀድሞ የገባ ሰው ባዶውን መንጠልጠያ አይቶ ያውቃል። ሰኞ ጠዋት ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። የኮልተን መንጠልጠያ ባዶ ነበር። ዊኒ የኔን ጫማ እየሳለ ቀና አላለም።

ኮልተን መኪና ማቆሚያው ላይ ሻንጣውን ሲጭን ደረስኩበት። ከከተማችን ሐይቅ የሚነሳው ደመና ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ሲደፋ ስላደረ የሁለታችንም ጫማ ተውጧል።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ?" አለኝ።

"ጠይቅ።" ስለ ዳልበርግ፣ ስለ ውሸቱ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

"ለምን ዞርክ?"

"ምን?"

"ቅዳሜ። ጊዜ አለህ ስልህ ለምን ዞርክ?"

"ልታስመታኝ መሰለኝ" አልኩት። "ያደረግኩብህን ታውቅ አልነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ?"

 እያሰበ የመኪናውን መስታወት በክንዱ ጠረገ።

"እሱ ሌላ ጉዳይ ነው" አለ። "እኛ እኮ ሜዳ ላይ ነበርን። ከኋላህ ሰው አልነበረም። ሌላ ምን ልበልህ?" ከዚያም፣ "እንደዛ ማድረግ ይቻላል ብዬም አላሰብኩም" አለኝ።

አፈርኩ። በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ ተመትቻለሁ፤ ጥርሴ ወልቋል፣ ትከሻዬ ሁለት ጊዜ ወጥቷል። እንደዚያ ጠዋት ያመመኝ ቀን ግን ትዝ አይለኝም። ይቅርታ አድርግልኝ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝና፣ ከልጅነቱ የለመደው ቃል ነውና፣ "ይቅርታ፣ አውሮፕላኑ ያመልጠኛል" ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ረቡዕ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው አሰላለፍ ውስጥ ስሜ አልነበረም። ሃስኬል "እናያለን" እንኳ አላለኝም። ዳልበርግ ነግሮት ይሁን ሳይነግረው አልጠየቅሁም። በዚያው ሳምንት ኮልተን በትልቁ ሊግ ሲጫወት በቴሌቪዥን አየሁት። ከአዳራሹ ጩኸት የተነሳ ድምፁ አይሰማም፤ አፉ ግን አላረፈም። አጋሩ፣ ሁለት እጥፍ ልምድ ያለው ሰው፣ አንዴም ወደ ኋላ ዞር ሳይል ፓኳን ያነሳል።

እኔ ቅዳሜ ሱፍ ልብስ ለብሼ ከተመልካች መካከል ተቀመጥኩ። ቦታ ያገኘሁት ከወይዘሮ ፔቲቦን በስተኋላ ነበር። በኮልተን ቦታ የመጣው አዲሱ ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከፌሪስ ጋር አጣምረውታል፤ ፌሪስን ከላይ መልሰውታል። ፓኳ ጥግ ገባች፤ ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ሮጠ። አንድ ግዙፍ አጥቂ ሜዳውን ከሚከፍለው ሰማያዊ መስመር ተነስቶ ሲመጣበት ከላይ ሆኜ በደንብ ይታየኛል። ፌሪስ ቆሞ ያያል። አፉ ዝግ ነው።

"መጣብህ!" ብዬ ስነሳ ፈንዲሻዬ ተበተነ።

ልጁ ከግድግዳው ጋር ተላተመና ወደቀ። ወይዘሮ ፔቲቦን ዞር ብለው ከኮታቸው ላይ ፈንዲሻ አራገፉ።

"አይሰማህም እኮ፣ ሬጅ።"

"አውቃለሁ።"

ልጁ ቀስ ብሎ ተነሳ። እኔ እንደቆምኩ ነበር።

"ታዲያ ቁጭ በላ" አሉኝ፤ "ከኋላህ ላሉት ሰዎች ጋርደሃቸዋል።"